«አልተገኘም» እና «የለም» አንድ አይደሉም፦ በኪንግ ካውንቲ የፍርድ ቤት መዝገብ እንዴት ይፈለጋል?

ጤና ይስጥልኝ፣ እናቶቼና አባቶቼ፣ ወንድሞቼና እህቶቼ! እንደምን ዋላችሁ? ቅዳሜን የሚያህል ቀን ከሥራችሁና ከልጆቻችሁ ቀንሳችሁ ስለ ፍርድ ቤት ወረቀት ለመስማት መምጣታችሁ ያስመሰግናችኋል። ከኋላ ያላችሁ ትሰሙኛላችሁ? ጥሩ።

ዛሬ የያዝነው ጉዳይ አንድ ነው። በኪንግ ካውንቲ፣ ማለትም በሲያትል፣ በኬንት፣ በሬንተን፣ በቱክዊላ፣ በሾርላይን፣ በቤልቪውና በአካባቢው የታየ ጉዳይ መዝገቡ እንዴት ይገኛል? ግልባጩስ እንዴት ይወጣል? ለዜግነት አመልክቶ የድሮ ክሱ በምን እንደተዘጋ አሳይ የተባለ አለ። ባለቤቱን ከአገር ቤት ለማምጣት የቀድሞ ጋብቻው መፍረሱን አስረዳ የተባለ አለ። አዲስ አበባ ሄዳ እንደገና ልታገባ የፍቺ ወረቀቷ የጎደለባት አለች። የሁሉም ችግር ያው ነው፤ ስማቸውን ኮምፒውተሩ ላይ ይጽፋሉ፣ ኮምፒውተሩ «አልተገኘም» ይላል፣ እነሱም «መዝገቤ ጠፋ» ብለው ይቀመጣሉ። አብዛኛውን ጊዜ መዝገቡ አልጠፋም። የተፈለገው በሌላ ፍርድ ቤት ነው፣ ወይም በሌላ ፊደል ነው፣ ወይም በሌላ ዓመት ነው።

ነገሩን በሦስት ጥያቄ ነው የማቀርበው። የትኛው ፍርድ ቤት? የመዝገቡ ቁጥር ስንት ነው? የትኛው ወረቀት፣ በምን ማኅተም?

ከዚያ በፊት ስለ መብታችሁ ጥቂት ልበል። የዋሽንግተን ስቴት ሕገ መንግሥት አንቀጽ አንድ ክፍል 10 ፍትሕ በግልጽ፣ ያለ አላስፈላጊ መዘግየት ይሰጣል ይላል። «በግልጽ» የምትለዋ ቃል ናት መዝገቡን ለሕዝብ የከፈተችው። መዝገቡን ለማየት ባለጉዳይ መሆን አይጠበቅባችሁም፣ «ለምን ፈለግኸው?» ለሚል ጥያቄም ምክንያት መስጠት የለባችሁም። ዝርዝሩን የያዘው ጄኔራል ሩል 31 የሚባለው የፍርድ ቤቶች ደንብ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ነገር አለ። ፐብሊክ ሬከርድስ አክት የሚባለውን ሕግ ጠቅሶ ለፍርድ ቤት ደብዳቤ ይጽፋል። ያ ሕግ ለፖሊስ፣ ለከተማ አስተዳደር፣ ለትምህርት ቤት ነው እንጂ የፍርድ ቤትን የክስ መዝገብ አይመለከትም፤ የስቴቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይህን በፈረንጅ ከ1986 ጀምሮ ደጋግሞ ወስኖበታል። የፖሊስ ሪፖርት ከፈለጋችሁ በዚያ ሕግ ፖሊስ መሥሪያ ቤቱን ትጠይቃላችሁ፣ እነሱም በአምስት የሥራ ቀን ውስጥ አንድ ዓይነት መልስ የመስጠት ግዴታ አለባቸው። የፍርድ ቤት ወረቀት ከፈለጋችሁ ግን ክላርክ ኦፊስ ነው የምትሄዱት፤ አገር ቤት ሬጅስትራር የምንለው ማለት ነው።

እሺ፣ አንደኛው ጥያቄ፤ የትኛው ፍርድ ቤት?

«ካውንቲው ፍርድ ቤት» የሚባል አንድ ቤት የለም። ሦስት ዓይነት አለ። ሱፒሪየር ኮርት ከባድ ወንጀሎችን፣ ማለትም ፌሎኒ የሚባሉትን፣ ፍቺን፣ የልጅ ጉዳይን፣ ውርስን፣ ከቤት የማስወጣት ክስንና ትልልቅ የገንዘብ ክርክሮችን ያያል። ዲስትሪክት ኮርት ቀለል ያሉ ወንጀሎችን፣ የትራፊክ ቅጣትን፣ እስከ 100,000 ዶላር የሚደርስ የፍትሐ ብሔር ክስንና ስሞል ክሌምስን ያያል። ስሞል ክሌምስ ለግለሰብ እስከ 10,000 ዶላር ነው፤ እቁቡን በልቶ አልከፍልም ያለውን ሰው ያለ ጠበቃ የምትከሱበት ማለት ነው። (ሳቃችሁ፣ ግን እውነቴን ነው።) ሦስተኛው የከተሞች ሙኒሲፓል ኮርት ነው። ሲያትል፣ ሬንተን፣ ኬንት፣ ቱክዊላ የየራሳቸው አላቸው። ቤልቪውና ሾርላይን ግን የከተማቸውን ጉዳይ የሚያሳዩት በዲስትሪክት ኮርት ነው።

ታዲያ የቆየ የዲ ዩ አይ፣ ማለትም ጠጥቶ የማሽከርከር ክስ የት ነው የሚፈለገው? መጀመሪያ ማን እንዳስቆማችሁ አስታውሱ። ሲያትል ውስጥ የሲያትል ፖሊስ ከሆነ፣ በአብዛኛው ሲያትል ሙኒሲፓል ኮርት ነው። አይ-5 አውራ ጎዳና ላይ ስቴት ፓትሮል፣ ማለትም የስቴቱ የመንገድ ፖሊስ ከሆነ፣ ዲስትሪክት ኮርት ነው። ሰውዬው ሱፒሪየር ኮርት ሄዶ ግማሽ ቀን ተሰልፎ «የለም» ቢባል ክላርኩ አልዋሸውም፤ እዚያ አልነበረም።

የስቴቱ ፍርድ ቤቶች ድረ ገጽ በነጻ በስም የሚፈለግበት ቦታ አለው። ለመነሻ ጥሩ ነው። ነገር ግን የሚያሳያችሁ ማውጫውን ነው፣ ወረቀቱን አይደለም። ደግሞም የኪንግ ካውንቲ ሱፒሪየርና ዲስትሪክት ፍርድ ቤቶች የየራሳቸው ሲስተም ስላላቸው፣ ከስቴቱ ገጽ ላይ ስማችሁ ካልወጣ ያ ምንም አያረጋግጥም። ለሱፒሪየር ኮርት ኬሲ ስክሪፕት ፖርታል የሚባለውን ነው የምትከፍቱት። ዲስትሪክት ኮርት የራሱ ፖርታል አለው፣ ሲያትል ሙኒሲፓልም የራሱ። ሦስት ቦታ ሳትፈልጉ «የለም» አትበሉ።

ፍቺ ላይ ደግሞ ልዩ ነገር አለ። የዋሽንግተን ሕግ ሁለቱም ከተስማሙ ፍቺውን በሌላ ካውንቲ እንዲያስገቡ ይፈቅዳል። ሊንከን ካውንቲ፣ ከዚህ በምሥራቅ በኩል ያለች ትንሽ የገበሬ አገር፣ ፍቺን በፖስታ በመቀበል የታወቀች ናት። ሲያትል የኖሩ፣ ሲያትል የተፋቱ የሚመስላቸው ባልና ሚስት መዝገባቸው እዚያ ሊገኝ ይችላል፤ ፎርም የሞላላቸው ሰው በፖስታ ልኮት፣ እነሱ «ፈርሙ» የተባሉበት ላይ ብቻ ፈርመው። ካውንቲውን ካላወቃችሁ መላ አለው። የስቴቱ ጤና ቢሮ በፈረንጅ ከ1968 ወዲህ የተፈጸሙ ፍቺዎችን የምስክር ወረቀት ይሰጣል። አንድ ገጽ ናት፣ ስለ ልጅም ስለ ንብረትም ምንም የላትም፣ ግን በየትኛው ካውንቲ እንደተፈታ ትነግራችኋለች። ከዚያ ወደዚያ ካውንቲ ክላርክ ትጽፋላችሁ።

ኪሳራ፣ ማለትም ባንክራፕሲ፣ ካውንቲ ውስጥ አትፈልጉ፤ እሱ ፌዴራል ፍርድ ቤት ነው፣ ፔሰር በሚባለው ሲስተም በገጽ 10 ሳንቲም ይወጣል። የኢሚግሬሽን ፍርድ ቤት ደግሞ ከሁለቱም የተለየ ነው፣ ዛሬ አንገባበትም።

ሁለተኛው ጥያቄ፤ ቁጥሩ ስንት ነው? እዚህ ላይ ቀስ እንበል፣ ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነውና።

የሱፒሪየር ኮርት መዝገብ ቁጥር እንዲህ ይመስላል፣ እስኪ ወረቀት ያላችሁ ጻፉ፦ 18-3-04567-8፣ ከኋላው ኤስ-ኢ-ኤ። ይህን ለምሳሌ የፈጠርኩት ነው። መጀመሪያ ያለው 18 መዝገቡ የተከፈተበት የፈረንጅ ዓመት ነው፣ 2018። ቀጥሎ ያለችው አንዲት አኃዝ የጉዳዩን ዓይነት ትናገራለች፤ 1 ወንጀል፣ 2 ፍትሐ ብሔር፣ 3 ቤተሰብ፣ 4 ውርስ። አምስቱ አኃዞች ተራ ቁጥር ናቸው። የመጨረሻዋ መቆጣጠሪያ ናት፣ ቁጥሩ በስህተት እንዳይጻፍ። ኤስ-ኢ-ኤ ሲያትል ማለት ነው፣ ኬ-ኤን-ቲ ከሆነ ኬንት።

ልብ በሉ፣ መዝገቡ የተከፈተበት ዓመት አልኩ፣ የተዘጋበት አላልኩም። በዚህ ስቴት ፍቺ ቢያንስ 90 ቀን ይጠበቃል። በኅዳር 2018 የገባ ፍቺ ውሳኔው በ2019 ነው የሚወጣው፤ ቁጥሩ ግን በ18 እንደጀመረ ይቀራል። በ19 የፈለገ ሰው አያገኘውም።

ከዚህ የባሰው የእኛው የዘመን አቆጣጠር ነው። «መቼ ተፋታችሁ?» ሲባል «በ2011» ይላሉ። የትኛው 2011? በእኛ 2011 ከሆነ ከመስከረም 2018 እስከ መስከረም 2019 በፈረንጅ ነው። ፎርሙ ላይ 2011 ብለው ከጻፉ ሰባት ዓመት ወደ ኋላ ነው የሚፈለግላቸው። እናቶች፣ አባቶች፣ ወደ ክላርክ ከመሄዳችሁ በፊት እቤት ቁጭ ብላችሁ ዓመቱን ወደ ፈረንጅ መልሱት። የትኛው ልጅ ስንተኛ ክፍል ነበር፣ የት ቤት እንኖር ነበር፣ በዚያ አስታውሱት።

አሁን ስም። የአበሻ ስም ለአሜሪካ ኮምፒውተር ፈተና ነው። ለምን? የቤተሰብ ስም የለንም። አንዱ ወረቀት ላይ የአባት ስም መጨረሻ ይገባል፣ ሌላው ላይ የአያት። ሚስትና ባል በአንድ የመጨረሻ ስም አይጠሩም፣ ወይም አንዱ ፎርም ላይ ተጠርተዋል። ፊደሉ ደግሞ አለ። ኃይሌን አንዱ በአይ ይጽፈዋል፣ አንዱ በዋይ። ጸጋዬን አንዱ በቲ-ኤስ ይጀምረዋል፣ አንዱ ቲዋን ይጥላታል። ተስፋዬ መጨረሻው ላይ አንድ ኢ ነው ሁለት? መሐመድ በኦ ነው በዩ ነው በኤ? አንድ ኤም ነው ሁለት? ገብረ መድህን አንድ ላይ ከተጻፈ አንድ ስም ነው፤ ተለያይቶ ከተጻፈ ኮምፒውተሩ «ገብረ»ን መካከለኛ ስም አድርጎ «መድህን»ን ብቻ በመጨረሻ ስም ይይዘዋል። በ«ገብረመድህን» ስትፈልጉት ታዲያ ከየት ይምጣ?

ስለዚህ በዚያን ጊዜ የነበረ መንጃ ፈቃዳችሁ ወይም ቪዛችሁ ላይ ስማችሁ እንዴት እንደተጻፈ ተመልከቱ፤ መዝገቡ በዚያ የተጻፈ ሊሆን ይችላል፣ ዛሬ በምትጽፉት አይደለም። ስምና አባት አቀያይራችሁ ፈልጉ። ከሁሉ የሚሻለው ግን ይህ ነው፤ በእናንተ ስም ካልመጣ በሌላው ወገን ስም ፈልጉ። ፍቺ ከሆነ በቀድሞ ባለቤታችሁ። የገንዘብ ክርክር ከሆነ በከሰሳችሁ ድርጅት ስም። የአንደኛው ፊደል ተበላሽቶ የሌላው ደህና ሊሆን ይችላል።

በተቃራኒው ደግሞ ስም ስለገጠመ ብቻ «ይኸው እሱ ነው» አትበሉ። ልጃችንን የጠየቀውን ሰው እስኪ እንየው ብላችሁ የምትፈልጉ ወላጆች፣ አውቃለሁ፣ አላችሁ። መብታችሁ ነው። ግን በዚህ ከተማ ስንት ዳንኤል ተስፋዬ አለ? ስም ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። መዝገቡን ከፍታችሁ ሌላ የሚያገናኝ ነገር ሳታዩ የሰው ስም አታጥፉ። ገንዘብ ተቀብለው «የማንንም ታሪክ እናሳያለን» የሚሉ የንግድ ድረ ገጾችም የሚለቃቅሙት ከዚሁ ከሕዝብ መዝገብ ነው፣ ያውም የሰውን መዝገብ ከሰው እያደባለቁ።

ሦስተኛው ጥያቄ፤ የትኛው ወረቀት?

መዝገብ አንድ ወረቀት አይደለም። ስትከፍቱት መጀመሪያ የምታገኙት ዶኬት ነው፣ ማውጫው። እያንዳንዱ የገባ ወረቀት የገባበት ቀን፣ ስሙና ሰብ ነምበር የሚባል ተራ ቁጥር አለው። የተከራከሩበት ፍቺ ከሆነ ዝርዝሩ መቶ ሊያልፍ ይችላል። «ሙሉ ፋይሉን ስጡኝ» ያለ ሰው 400 ገጽ ሊሰጡት ነው። በኤሌክትሮኒክ ገጹ 25 ሳንቲም ነው፣ 100 ዶላር ማለት ነው፤ በወረቀት ከሆነ 50 ሳንቲም፣ 200 ዶላር። የሚያስፈልገው ግን አንድ ውሳኔ ነበር።

ለፍቺ የምትፈልጉት በፈረንጅ ከ2016 ወዲህ ከሆነ ፋይናል ዲቮርስ ኦርደር የሚለውን ነው፣ ከዚያ በፊት ከሆነ ዲክሪ ኦፍ ዲሶሉሽን። ፋይንዲንግስ ኤንድ ኮንክሉዥንስ የሚለው አጠገቡ የሚቀመጥ ሌላ ወረቀት ነው፤ ዳኛው ያገኙትን ፍሬ ነገር ይዘረዝራል፣ ጋብቻውን የሚያፈርሰው ግን እሱ አይደለም። ስለ ልጅ ከተጠየቃችሁ ፓረንቲንግ ፕላን (የልጅ አያያዝ ዕቅድ) እና ቻይልድ ሰፖርት ኦርደር (የልጅ ማሳደጊያ ክፍያ ትእዛዝ) ለየብቻ ናቸው። ለወንጀል ጉዳይ ጥፋተኛ ከተባለ ጀጅመንት ኤንድ ሴንተንስ፣ ክሱ ከወደቀ ኦርደር ኦፍ ዲስሚሳል። «ኢንፎርሜሽን» የምትል ቃል ዶኬቱ ላይ ብታዩ መረጃ ማለት እንዳይመስላችሁ፤ እዚያ ቦታ ላይ ዐቃቤ ሕጉ ያቀረበው ክስ ማለት ናት። ከመክፈላችሁ በፊት የመጨረሻውን ገጽ ተመልከቱ፤ የዳኛ ፊርማ አለው? ያልተፈረመ «ፕሮፖዝድ» የሚል ረቂቅ ገዝቶ ለቀጠሮ ይዞ መሄድ ከንቱ ነው።

አሁን ማኅተም። ለራሳችሁ ለማንበብ ከሆነ ተራ ኮፒ ይበቃል። ለመንግሥት መሥሪያ ቤት ከሆነ ሰርቲፋይድ ኮፒ ጠይቁ፤ ትክክለኛ ግልባጭ መሆኑን ክላርኩ በማኅተም ያረጋገጠው። ዋጋው በስቴቱ ሕግ የተወሰነ ነው፤ የመጀመሪያው ገጽ 5 ዶላር፣ እያንዳንዱ ተጨማሪ ገጽ 1 ዶላር። ስምንት ገጽ ውሳኔ 12 ዶላር ይሆናል። ይህ የሱፒሪየር ኮርት ተመን ነው፤ ዲስትሪክትና ሙኒሲፓል የየራሳቸው አላቸው። ሁለት ኮፒ አውጡ፣ አንዱን አስቀምጡ። እና እባካችሁ፣ እባካችሁ፣ ስቴፕሉን አትንቀሉ! ስካን ለማድረግ ብላችሁ ከነቀላችሁት ተቀባዩ ገጽ ተቀይሯል ብሎ ሊመልስባችሁ ይችላል። አሥራ ሁለት ዶላራችሁ ሄደ፣ ሳምንታችሁም ሄደ።

በአካል ለመሄድ ሲያትል ሰርድ አቬኑ 516 ቁጥር ያለው ፍርድ ቤት ስድስተኛ ፎቅ፣ ኢ-609 ነው፤ በባቡር ከመጣችሁ ፓዮኒር ስኩዌር ትወርዳላችሁ። ኬንት ደግሞ ማሌንግ ሪጅናል ጀስቲስ ሴንተር። የኤሌክትሮኒክ መዝገብ ስለሆነ የኬንቱን ሲያትል ሆናችሁ ማውጣት ትችላላችሁ። በር ላይ ፍተሻ አለ፣ ቢላዋና መቀስ ቤታችሁ ተዉ። እዚያ ለሕዝብ የተዘጋጁ ኮምፒውተሮች አሉ፤ ቤት ሆናችሁ በፖርታሉ ያልተከፈተላችሁን ሰነድ እዚያ ሞክሩት። በጣም የቆየው ማይክሮፊልም ላይ ነው፣ ያን ዕለቱን አትጠብቁ።

በፖስታ ከሆነ ደብዳቤው አጭር ይሁን። የመዝገብ ቁጥር፣ የሁለቱም ወገን ስም፣ የወረቀቱ ስምና ሰብ ነምበር፣ ሰርቲፋይድ ወይስ ተራ፣ ስንት ኮፒ፣ ስልካችሁ፣ ለክላርኩ የተጻፈ ቼክ ወይም መኒ ኦርደር፣ የራሳችሁ አድራሻ ያለበትና ቴምብር የተለጠፈበት ፖስታ። ታሪካችሁን አትጻፉ። ክላርክ የሕግ ምክር መስጠት አይፈቀድለትም። «ጉዳዩ መዘጋቱን የሚያሳየው ወረቀት የትኛው ነው?» ብትሉ ያሳያችኋል፤ «ይህን ለኢሚግሬሽን ላስገባ?» ብትሉ አይመልስም። ለዚያ የኪንግ ካውንቲ ባር አሶሲየሽን ነጻ የሕግ ክሊኒኮች አሉት።

እንግዲህ በትክክለኛው ቦታ፣ በትክክለኛው ስም፣ በትክክለኛው ዓመት ፈልጋችሁ እውነትም ካልተገኘስ? ሦስት ምክንያት ሊኖረው ይችላል።

ታስራችሁ ነበር፣ ግን ክስ አልተመሠረተም። ያኔ የፍርድ ቤት መዝገብ ከመጀመሪያውም አልተከፈተም። ክስ አለመመሥረቱን የሚገልጽ ደብዳቤ ካሰራችሁ ፖሊስ መሥሪያ ቤት ወይም ከዐቃቤ ሕግ ቢሮ ትጠይቃላችሁ።

ወይም መዝገቡ ጊዜው አልፎ ተወግዷል። ሱፒሪየር ኮርት መዝገቡን ለረጅም ዘመን ይይዛል፤ የታችኞቹ ፍርድ ቤቶች ግን ቀላል ጉዳዮችን በጊዜ ገደብ ያስወግዳሉ። ያኔ የሚጠየቀው «መዝገቡ ተወግዷል» ወይም «በዚህ ስም መዝገብ የለም» የሚል ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ነው። ዶኬቱ ተርፎ ከሆነ እሱንም አብራችሁ አውጡ። ባዶ እጅ ቀርቦ «ጠፋ አሉኝ» ማለትና ፍርድ ቤቱ ራሱ የጻፈውን ይዞ መቅረብ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ።

ወይም ዝግ ነው። የጉዲፈቻ መዝገብ ዝግ ነው። በዳኛ ትእዛዝ የታሸገም አለ። በቤተሰብ ጉዳይ ውስጥ ደግሞ ፋይሉ ክፍት ሆኖ የተወሰኑ ወረቀቶች ብቻ ይዘጋሉ፤ የባንክና የደመወዝ ሰነዶች፣ የሕክምና ወረቀቶች፣ የግል መረጃ ቅጹ። ግን ተጠንቀቁ፣ የባንክ ሰነዱ የሚዘጋው በትክክለኛው የሽፋን ገጽ ካስገባችሁት ነው። ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥራችሁን ከተራ ወረቀት ጋር አያይዛችሁ ካስገባችሁ ክላርኩ አይሰርዝላችሁም፤ ደንቡ ኃላፊነቱን የጣለው በሚያስገባው ሰው ላይ ነው። ከጥቃት የሸሻችሁ እህቶች ደግሞ አድራሻችሁ መዝገብ ላይ እንዳይወጣ፣ የስቴቱ ሴክሬታሪ ኦፍ ስቴት ምትክ አድራሻ የሚሰጥበት ፕሮግራም አለው። ከመክሰሳችሁ በፊት ጠይቁ፣ ከገባ በኋላ ማውጣት ከባድ ነው።

«ተሰርዞልኛል፣ ቬኬት ተደርጓል» የምትሉም አላችሁ። ቬኬት ማለት መዝገቡ ተቃጠለ ማለት አይደለም፤ ማውጫው ላይ ሊታይ ይችላል። ኢሚግሬሽንም ስለተሰረዘው ጭምር ነው የሚጠይቀው። ክሱንም፣ የመሰረዣውንም ትእዛዝ ሰርቲፋይድ አውጥታችሁ መጀመሪያ ለጠበቃ አሳዩ።

ወረቀቱ ወደ ኢትዮጵያ የሚሄድ ከሆነ የክላርኩ ማኅተም የመጀመሪያው ደረጃ ብቻ ነው። ቀጥሎ የዋሽንግተን ስቴት ሴክሬታሪ ኦፍ ስቴት የክላርኩን ፊርማ ያረጋግጣል፣ ቀጥሎ የፌዴራሉ ስቴት ዲፓርትመንት፣ ቀጥሎ ዋሽንግተን ዲሲ ያለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ። ቅደም ተከተሉ ከተዛባ ይመለሳል። እያንዳንዱ ደረጃ የፖስታ ጊዜ አለው፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፣ የአውሮፕላን ቲኬት ቆርጣችሁ ሁለት ሳምንት ሲቀር አትጀምሩት። ክላርኩን ስትጠይቁም ወረቀቱ ወደ ውጭ አገር እንደሚሄድ ንገሩት።

ቡናው ደርሷል መሰለኝ፣ ሽታው መጥቷል። ጥያቄ ያላችሁ ቆዩ። የመዝገብ ቁጥራችሁን የያዛችሁ በቀኝ በኩል ወዳለው ጠረጴዛ ሂዱ፣ ዶኬቱን ከፍተን የትኛው ሰብ ነምበር እንደሚያስፈልጋችሁ እናያለን። ቁጥር የሌላችሁ በግራ በኩል፤ የድሮ መንጃ ፈቃድ ወይም የድሮ ፓስፖርት በእጃችሁ ካለ አውጡት፣ ከፊደሉ ነው የምንጀምረው።